ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ለብልት ድርቀትና ለግንኙነት ሕመም የሚሸጡ ምርቶች ሲመዘኑ

ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ በግንኙነት ጊዜ ሕመም የጀመራት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ከፋርማሲ የምትወጣው አንድ ቱቦ ጄል ይዛ ነው። ሁለት ሳምንት ትሞክረዋለች፤ ለውጥ ሲጠፋ መሳቢያ ውስጥ ትጥለውና ነገሩን እርግፍ አድርጋ ትተወዋለች። ጄሉ ግን መጥፎ ላይሆን ይችላል። የተገዛው ለሌላ ሥራ የተሠራ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ የተቀባበት ቦታ የሚያመው ቦታ ላይሆን ይችላል፣ ወይም ሁለት ሳምንት ለዚህ ሥራ በጣም አጭር ነው። ከዚህ በታች የምንመዝናቸው ማርጠቢያዎችን፣ ማለስለሻዎችን፣ የማደንዘዣ ፈሳሽን፣ ማስፊያዎችን፣ በብልት ውስጥ የሚቀመጡ ሆርሞኖችንና የሌዘር ሕክምናን ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ማርጠቢያ በመደበኛነት፣ ማለስለሻ በግንኙነት ጊዜ፣ ሊዶኬይን የተባለው የማደንዘዣ ፈሳሽ መግቢያው ላይ። እነዚህ ሦስቱ በትክክል ተሞክረው ሳያልቁ ወደ ሌላው መሄድ አይመከርም።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ ምርጫው ሎተሪ ይሆናል። የብልት ግድግዳ ወፍራም፣ ተለጣጭና እርጥብ ሆኖ የሚቆየው በኤስትሮጅን ነው። ኤስትሮጅን ሲቀንስ ግድግዳው ይሳሳል፣ ወደ አካባቢው የሚፈሰው ደም ይቀንሳል፣ ላክቶባሲለስ የተባሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚመገቡት ግላይኮጅንም ይጎድላል። ከ3.8 እስከ 4.5 የነበረው ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ሲጨምር አሲዱ ቀነሰ ማለት ነው) ከ5 በላይ ይወጣል። ውጤቱ ድርቀት ብቻ አይደለም፤ ማቃጠል፣ ማሳከክ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ የሚመላለስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም አብረው ይመጣሉ። በተራ ማረጥ ጊዜ ይህ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በካንሰር ሕክምና ምክንያት ሲሆን ግን በወራት ውስጥ ሊደርስ ስለሚችል ሰውነት የሚለምድበት ጊዜ አያገኝም።

የምትወስዱት መድኃኒትም ልዩነት ያመጣል። አናስትሮዞል፣ ሌትሮዞልና ኤግዜሜስቴን፣ በአንድ ስም አሮማቴዝ ኢንሂቢተር የሚባሉት፣ ካረጡ በኋላ በሰውነት ውስጥ የምትቀረውን ጥቂት ኤስትሮጅን ሳይቀር ስለሚያጠፉ ከባዱን ድርቀት የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ታሞክሲፌን ጡት ላይ ኤስትሮጅንን ቢከለክልም ብልት ላይ በመጠኑ እንደ ኤስትሮጅን ስለሚሠራ ከድርቀት ይልቅ ፈሳሽ መብዛት የሚያስቸግራቸው ሴቶች አሉ። እንቁላል ማምረቻን የሚያስቆሙት እንደ ጎሴሬሊን ያሉ መርፌዎችና ኬሞቴራፒ ደግሞ ወጣት ሴትን በድንገት ማረጥ ውስጥ ይከቷታል። ይህን ልዩነት ኋላ ላይ ስለ ሆርሞን ስንናገር እንመለስበታለን፤ ፋርማሲ ውስጥ የሚያማክራችሁ ሰው ግን ከመጀመሪያው የመድኃኒታችሁን ስም ቢጠይቅ ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ማርጠቢያው። ብዙዎች በእንግሊዝኛ ስሙ ሞይስቸራይዘር ይሉታል። ከማለስለሻ ጋር ማምታታት በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ የተለመደው ነው። ማለስለሻ ለሰዓቱ ነው፤ መፋተግን ይቀንስና ይታጠባል። ማርጠቢያ ግን እንደ ፊት ቅባት ነው፤ ግንኙነት ይኑርም አይኑርም በቋሚነት የሚደረግ፣ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ውኃ የሚይዝ። ከሆርሞን ነፃ ከሆኑት መካከል ሁለት ዓይነቶች በደንብ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ፖሊካርቦፊል የያዘው ጄል ሲሆን በማስገቢያ ቱቦ በአንድ ጊዜ 2.5 ግራም ገደማ ይገባል። ፒኤችንም ወደ አሲዳማነት ይመልሳል። ጉድለቱ የተላጠ ሴል ይዞ ነጭ ፍርፋሪ ሆኖ መውጣቱ ነው፤ ይህ ኢንፌክሽን አይደለም፣ ግን ያላወቀችውን ሴት ያስደነግጣል። ሁለተኛው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፤ በጄል ወይም 5 ሚሊግራም በያዘ ሰፖዚቶሪ (በብልት ውስጥ ተቀምጦ በሚቀልጥ እንክብል) ይገኛል። ለስላሳ ነው፣ ፍርፋሪም አያመጣም፤ ቀድሞውንም ለሚያቃጥላት ሴት እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። ቫይታሚን ኢ ያለባቸው ሰፖዚቶሪዎችም አሉ፤ የሚያስታግሷቸው ሴቶች ቢኖሩም የውስጥ ልብስ ስለሚያበላሹ በማታ ብቻ፣ ከንጹሕ ጨርቅ ጋር ይሁን።

እሽጉ ላይ የሚጻፈው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቀን አንዴ ወይም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። ያ ለተራ ማረጥ የወጣ መጠን ነው። ከካንሰር ሕክምና በኋላ፣ በተለይ አሮማቴዝ ኢንሂቢተር ለምትወስድ ሴት፣ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ያስፈልጋል። ሰዓቱ ማታ ከመተኛት በፊት ነው፤ ቆሞ የሚዋል ከሆነ ግማሹ ይፈስሳል። ሌላው የሚዘነጋው ነገር ቦታው ነው። ማስገቢያው ቱቦ ጄሉን ወደ ውስጥ ይወስደዋል፣ አብዛኛው ሕመም ያለው ግን መግቢያው ላይ ነው። ስለዚህ ማስገቢያው ከወጣ በኋላ በጣት ጥቂት ወስዶ በመግቢያው ዙሪያና በትንንሾቹ ከንፈሮች ውስጠኛ ገጽ ላይ መቀባት ያስፈልጋል። ለመፍረድ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይጠብቁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቆጥቆጥ ከሳሳው ቆዳ የተነሳ ሊሆን ይችላል፤ ከሳምንት በላይ ከቀጠለ ወይም ካበጠ ግን ምርቱ አልተስማማም ማለት ነው፣ ሌላ ዓይነት ይቀይሩ።

ማለስለሻ ስትገዙ የእሽጉን ፊት ሳይሆን ጀርባውን አንብቡ። በውኃ የተሠሩት በየቦታው ይገኛሉ፣ በቀላሉ ይታጠባሉ፣ ከኮንዶምም ከሲሊኮን ማስፊያም ጋር ይስማማሉ። ድክመታቸው ሁለት ነው። አንደኛ ቶሎ ይደርቃሉ፤ ሲደርቁ እንደገና ጄል ከመጨመር ይልቅ ጥቂት ጠብታ ውኃ ብታደርጉባቸው ይመለሳሉ። ሁለተኛውና ከባዱ ድክመት ብዙዎቹ ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል በብዛት ስላለባቸው ነው። እነዚህ ነገሮች በጄሉ ውስጥ የሟሟውን ነገር ከሰውነት ሴል በጣም የበለጠ ያደርጉታል፤ ኦስሞላሊቲ የሚባለው መለኪያ ከፍ ይላል፣ ጄሉም ከሴሎቹ ውኃ ይስባል። ማለትም ለድርቀት የተገዛው ነገር ራሱ ያደርቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጣው ምክር ተመራጩ የኦስሞላሊቲ ልክ ከ380 በታች መሆኑን፣ በገበያ ላይ ያለውን ግምት ውስጥ በማስገባት ግን ከ1,200 ማለፍ እንደሌለበት፣ ለብልት የሚሆነው ፒኤችም 4.5 ገደማ መሆኑን አስቀምጧል። ቁጥሩ እሽጉ ላይ ካልተጻፈ ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ከዝርዝሩ ላይኛ መስመሮች ላይ ያሉበትን ይተዉት። የሚያሞቅ፣ የሚያቀዘቅዝ፣ ጣዕምና ሽታ የተጨመረበት ወይም ክሎሮሄክሲዲን ያለበት ጄል ለሳሳ ግድግዳ ፈጽሞ አይሆንም። ክሎሮሄክሲዲን ጀርም ገዳይ ነው፤ ላክቶባሲለሶቹንም አይምርም።

በሲሊኮን የተሠራው ለዚህ ችግር የእኛ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ውኃ ስለሌለው አይደርቅም፣ ወደ ሴል አይገባም፣ ከሴልም ውኃ አይስብም፤ ጥቂት ጠብታ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ከላቴክስ ኮንዶም ጋርም ይስማማል። የሚያስቸግረው አንሶላ ላይ ምልክት መተዉ፣ ወለል ላይ ቢፈስስ ማንሸራተቱና የሲሊኮን ዕቃን ማበላሸቱ ነው።

ዘይትስ? የወይራና የኮኮናት ዘይት ንጹሕ ከሆኑና ቆዳው ከተቀበላቸው ይሠራሉ። በ2013 በወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ከጡት ካንሰር በኋላ ሕመም የነበራቸው 25 ሴቶች የወይራ ዘይት ለማለስለሻ፣ ፖሊካርቦፊል ለማርጠቢያ፣ ከዚህ ጋር የዳሌ ወለል ጡንቻን የማላላት ልምምድ አጣምረው ተጠቅመው ተሽሏቸዋል። ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረው የትኛው ምን ያህል እንደረዳ መለየት አይቻልም፣ ጥምረቱ ግን አመክንዮ አለው። ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክማል፤ ይህን በቀላሉ አትለፉት። በኬሞቴራፒ ምክንያት የወር አበባ ቢቋረጥም እርግዝና ሊከሰት ይችላል፣ ታሞክሲፌን ደግሞ ፅንስን ይጎዳል። ሆርሞን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ስለማይፈቀድ ኮንዶም ወይም ከመዳብ የተሠራው የማህፀን ሉፕ ነው የሚቀረው። በኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ዘይት አይታሰብ። ቫዝሊን ደግሞ ኮንዶም ባይኖርም አይሆንም፤ ውስጥ ይቀራል፣ ከባክቴሪያ መዛባት ጋርም ተያይዟል።

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨን ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ሊዶኬይን ነው። ሴቶች “ውስጤን ያመኛል” ቢሉም ሐኪም በጥጥ በተጠቀለለ እንጨት ነካ ነካ አድርጎ ሲፈትሽ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መግቢያው ላይ፣ ከትንንሾቹ ከንፈሮች በስተውስጥ ባለችው ጠባብ ቀለበት ላይ ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ተሠርቶ በ2015 የታተመ ጥናት ላይ ከጡት ካንሰር የዳኑ ከባድ ሕመም ያለባቸው 46 ሴቶች ተሳትፈው ነበር። በመጀመሪያው ወር ግማሾቹ ሊዶኬይን፣ ግማሾቹ የጨው ውኃ ተሰጣቸው፤ ሊዶኬይን ያገኙት ሕመማቸው በግልጽ ቀነሰ። ከዚያ ሁሉም ሊዶኬይን ተጠቀሙ፤ ግንኙነት ከሞከሩት 41 ሴቶች 37ቱ ያለ ሕመም ተሳካላቸው። ባሎቻቸውም አልደነዘዙም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥጥ በ4 በመቶ የሊዶኬይን ፈሳሽ ይነከራል፤ ይጨመቅና እንዳይንጠባጠብ ይደረጋል። ከግንኙነት በፊት መግቢያው ላይ፣ በተለይ በታችኛው ክፍል፣ ለ3 ደቂቃ ይያዛል። ከዚያ ይነሳል፣ ቦታው በጨርቅ ይነካል፣ የሲሊኮን ማለስለሻ ይደረግበታል። መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ሴኮንዶች ያቃጥላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሁለት ነገሮች ያበላሹታል። አንዱ ፈሳሹን ትቶ ክሬም ወይም ቅባት መግዛት ነው፤ ቅባቱ የተሠራበት ነገር ራሱ ሊያቃጥል ይችላል፣ በቀላሉም ተላልፎ የትዳር ጓደኛን ያደነዝዛል። ሌላው በሊዶኬይን ፈንታ ቤንዞኬይን መጠቀም ነው፤ ቤንዞኬይን አለርጂ በማስነሳት የታወቀ ነው። የተከፈተ ቁስል ካለ፣ የልብ ምት ችግር ወይም ለማደንዘዣ አለርጂ ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ። “ሕመሙን ከደበቀው ጉዳት ይደርስ ይሆን?” የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ስለዚህም ነው ማደንዘዣው ያለ በቂ ማለስለሻ ለብቻው መሆን የሌለበት።

ማስፊያ፣ ማለትም ዳይሌተር፣ የሚያስፈልገው ለሁሉም አይደለም። መግቢያው ጠብቦ ጣት እንኳ አላስገባ ሲል፣ ወይም ሰውነት ሕመሙን አስታውሶ ገና ሲነካ ጡንቻው ሲቆለፍ ነው። በስብስብ ይሸጣል፤ ትንሹ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ፣ ትልቁ ግንኙነትን የሚያህል። ሲሊኮኑ ለስላሳ ስለሆነ ለሚፈራ ሰው ይቀላል፣ ግን የግድ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ይፈልጋል። ጠንካራው ፕላስቲክ በማንኛውም ማለስለሻ ይሠራል፣ ለማጽዳትም ይመቻል። ሽንት ከሸኑ በኋላ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ፣ ትንፋሽ ሲወጣ ቀስ ብሎ ወደ ጀርባ አቅጣጫ ማስገባት፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከተገፋ ወደ ሽንት ፊኛ ስለሚሄድ ያማል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ገደማ። የያዙት መጠን በተከታታይ ያለ ሕመም ሲገባ ነው ወደሚቀጥለው የሚታለፈው። መወጠር ይሰማ፣ ሕመም ግን አይሰማ። በግድ የተገፋ ማስፊያ ጡንቻው የባሰ እንዲቆለፍ ያስተምረዋል፤ ብዙ ስብስብ ሳይጨረስ የሚቀረው በዚህ ነው። የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒስት ካለች ከስብስቡ በፊት እሷን ማየት ይሻላል፤ ጡንቻውን ማጥበቅ ሳይሆን መልቀቅ የምታስተምር መሆኗ ይጣራ።

በብልት ውስጥ የሚቀመጥ ዝቅተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ከሁሉም ምርቶች ጠንካራው ነው፤ ችግሩን ከሥሩ ይነካል። ለብቻ ወስኖ የሚገዛ ግን አይደለም። የተለመደው 10 ማይክሮግራም ኢስትራዲዮል ያለባት ትንሽ ታብሌት ናት፤ ለ2 ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ። በ90 ቀን አንዴ የሚቀየር ቀለበትም አለ፤ በቀን 7.5 ማይክሮግራም ገደማ ይለቃል። ክሬሙ መጠኑን ለመቆጣጠር ስለሚያስቸግር ለጡት ካንሰር ታካሚ ሦስተኛ ምርጫችን ነው። ሆርሞኑ ወደ ደም የሚገባው ግድግዳው ገና ሳስቶ ባለበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበልጣል፣ ግድግዳው ሲወፍር ይቀንሳል።

አደጋውስ? በ2022 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ከ8,000 በላይ የጡት ካንሰር ታካሚዎችን ተከታትሎ በጥቅሉ የካንሰር መመለስ ጭማሪ አላገኘም፤ አሮማቴዝ ኢንሂቢተር እየወሰዱ በብልት ኤስትሮጅን በተጠቀሙት ላይ ግን መመለሱ ከፍ ብሎ ታይቷል። በሞት ላይ ጭማሪ አልታየም። ከስኮትላንድና ከዌልስ 49,237 ሴቶችን ያካተተው ሌላ ጥናትም በጡት ካንሰር የመሞት ጭማሪ አላሳየም። የሁለቱ መድኃኒቶች ልዩነት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ታሞክሲፌን የጡት ሴሉን ተቀባይ ስለሚዘጋ ጥቂት ኤስትሮጅን ወደ ደም ቢገባ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። አሮማቴዝ ኢንሂቢተር ግን ምርቱን ብቻ ነው የሚያቆመው፤ ከውጭ የሚገባውን የሚከለክል የለውም። ስለዚህ ከሆርሞን ነፃ የሆኑት በሙሉ መጠንና ጊዜ ተሞክረው ካልበቁ፣ ጥያቄው ለካንሰር ሐኪሟ ይቅረብ፤ አንዳንዴ መፍትሔው ኪኒኑን መቀየር ሊሆን ይችላል። በራስ ፈቃድ ኪኒኑን ማቆም ግን አይደለም። ሕመሙን ለማንም ሳይናገሩ ኪኒኑን በዝምታ የሚያቆሙ ሴቶች አሉ፤ ሐኪሙ ቢሰማ ኖሮ ሌላ መንገድ ነበረው።

ሌዘርን በአጭሩ እንለፈው፦ አንመክርም። ብልትን “ለማደስ” ተብሎ የሚሸጠው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ውድ ነው፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በሐምሌ ወር 2018 በቃጠሎና በጠባሳ ምክንያት ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። በ2021 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 85 ሴቶች ግማሾቹ እውነተኛውን፣ ግማሾቹ የማስመሰያውን ሌዘር አግኝተው ከ12 ወር በኋላ ልዩነት አልነበራቸውም። በ2023 በስፔን አሮማቴዝ ኢንሂቢተር በሚወስዱ ሴቶች ላይ የተሠራውም ከማስመሰያው የተሻለ አልሆነም።

ፍላጎት ሲጠፋ የሚሸጠው ደግሞ ሌላ ገበያ ነው። ከካንሰር በዳኑ 150 ሴቶች ላይ የተሞከረው የቴስቶስቴሮን ክሬም በ2007 በወጣው ውጤት ከባዶ ክሬም አልተሻለም፤ ቡፕሮፒዮን የተባለው የድብርት መድኃኒትም በ2022 በተመሳሳይ ሁኔታ ወድቋል። ኪኒን ከመፈለግ በፊት የሚወሰደውን መድኃኒት መቁጠር ይጠቅማል። ለድብርት ወይም ለሙቀት ስሜት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ራሳቸው ፍላጎትንና እርካታን ይቀንሳሉ። ከእነሱ መካከል ፓሮክሴቲንና ፍሉኦክሴቲን ታሞክሲፌን በጉበት ውስጥ ወደሚሠራው መልኩ እንዳይለወጥ ስለሚያግዱ ታሞክሲፌን የምትወስድ ሴት ለሐኪሟ ማሳወቅ አለባት፤ እንደ ቬንላፋክሲን ያለ ምትክ አለ። ደግሞም የሚያም ነገርን ሰውነት አይመኝም፤ ሕመሙ ሲታከም ፍላጎቱ በከፊል ተከትሎ የሚመለስላቸው ብዙ ናቸው።

ከማናቸውም ምርት በፊት ወጪ የሌለው እርምጃ አለ። ሽታ ያለው ሳሙና፣ እርጥብ መጥረጊያና በየቀኑ የሚደረግ የውስጥ ልብስ ንጣፍ ይቁም፤ መታጠቢያው ለብ ያለ ውኃ ብቻ ይሁን፣ ወደ ውስጥም አይታጠብ። የቀዶ ጥገናው ወይም የጨረሩ ጎን ከታመመ ትንሽ ትራስ ከክንድ ሥር ማድረግ ወይም በጎን መተኛት ጡቱን ከጫና ያድናል። ኬሞቴራፒ እየተወሰደ ከሆነ ነጭ የደም ሴል ወይም ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) በወረደባቸው ቀናት ግንኙነት ይቅር፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ቀናትም ኮንዶም ይኑር።

ካረጡ በኋላ የሚታይ ማንኛውም ደም፣ ትንሽም ቢሆን፣ በድርቀት አይመካኝ። በተለይ ታሞክሲፌን የምትወስድ ሴት መድኃኒቱ የማህፀን ግድግዳ ካንሰርን አደጋ ስለሚጨምር ማርጠቢያ ከመግዛቷ በፊት ትመርመር። ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የማይድን ቁስል፣ ነጭ ሆኖ የሚያሳክክ የከንፈር ቆዳም እንዲሁ ናቸው፤ በሐኪም ዓይን ሳይታዩ ጄል አይቀባባቸው።